ጀልባ ጎታቾች የተዉት መንገድ

ዱ የሚባለው የፈረንሳይ ወንዝ ከሚመነጭበት ከጁራ ተራሮች አንሥቶ ከሶን ወንዝ ጋር እስከሚቀላቀልበት ድረስ ያለው ርቀት፣ ቀጥታ በአየር ቢለካ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወንዙ ግን እዚያ ለመድረስ 453 ኪሎ ሜትር ይዞራል። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቀናል፤ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ መካከል ድንበር ይሆናል፤ ከዚያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ይገባና ዕቃ ረስቶ እንደሚመለስ መንገደኛ ዞሮ ወደ ፈረንሳይ ይወጣል። ሞንቤልያር ከተማ አጠገብ ሲደርስ እንደገና ይታጠፍና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፤ በቤዛንሶንና በዶል ከተሞች በኩል አልፎ ሶን ውስጥ ይገባል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ከሞንቤልያር እስከ ዶል ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ክፍል ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሰው ድንኳኑንና ልብሱን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ፣ ልጁን በትንሽ ብስክሌት ከጎኑ አስከትሎ፣ የመኪና ጡሩምባ ሳይሰማ ብዙ ሰዓት ሊጓዝ ይችላል። በአንዳንድ መንደሮች መንገዱ ከቀጭን የገጠር መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ድልድይ ላይም መኪና ያጋጥማል። አብዛኛው ግን የወንዙንና የቦዩን ዳር ይዞ የሚሄድ፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለየ ነው። ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ ሩማንያ ውስጥ ጥቁር ባሕር ላይ የሚያበቃው፣ ዩሮቬሎ 6 የተባለው ረጅሙ የብስክሌት መስመርም የሚያልፈው በዚሁ ነው።

እንዲህ ያለ መንገድ ያየ ሰው ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ለብስክሌተኛ ብሎ 150 ኪሎ ሜትር ደልዳላ መሬት ከገበሬ የሚገዛ መንግሥት የለም። መሬቱ ቀድሞ ነበረ፤ ሥራም ነበረው፤ ከጊዜ በኋላ ሥራውን አጣ። ዛሬ መንገድ ሆኖ የሚታየው፣ ሥራ ፈት በሆነበት ዘመን ቆራርሶ የሚወስደው ስላልተገኘ፣ ጠቅልሎ ሊውጠው የመጣውንም የተቃወሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። መኪና የማይገባባቸውን የፈረንሳይ የገጠር መንገዶች ለመረዳት መነሻው ይህ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከብስክሌት መፈጠር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1669 በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን በወጣ ድንጋጌ፣ ጀልባ በሚሄድባቸው ወንዞች ዳር መሬት ያለው ሁሉ 24 ጫማ ስፋት ለጎታች ፈረሶች ክፍት እንዲተው ታዘዘ። በዛሬው መለኪያ 7.80 ሜትር ይሆናል። ባለመሬቱ በዚያ ስፋት ላይ ማጠርም ዛፍ መትከልም አይችልም። ነገሥታቱ አልፈው፣ አብዮቱ አልፎ፣ ሪፐብሊኮች ሲፈራረቁ ይህ 7.80 ሜትር ሳይነካ ቆይቶ ዛሬም በፈረንሳይ ሕግ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል።

የዚያን ጊዜ ጀልባ ሞተር የለውም፤ በገመድ ይጎተታል። ጎታቹ አንዳንዴ በቅሎ ወይም ፈረስ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ገመዱን በደረቱ ያሠረ ሰው፣ ብዙ ጊዜም የጀልባው ባለቤት ሚስትና ልጆች ናቸው። ያ ሁሉ ድካም ለምን? አንድ ፈረስ በዘመኑ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ በጋሪ የሚጎትተው ከአንድ ከሁለት ቶን አያልፍም። በረጋ ውሃ ላይ ግን ያው ፈረስ በአሥር የሚቆጠር ቶን ይስባል። እህል፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ከሰል ወደ ከተማ የሚገባው በዚህ መንገድ ነበር። ስለዚህም የሮንን ወንዝ ተፋሰስ ከራይን ወንዝ ጋር የሚያገናኝ ቦይ ለመቆፈር በ1780ዎቹ ሥራ ተጀመረ። በመሐል አብዮት ፈነዳና ተቋረጠ፤ ከዚያ ቀጠለ፤ ገዢ በተለወጠ ቁጥር የቦዩም ስም እየተለወጠ፣ አንድ ጊዜ በናፖሊዮን ስም እየተጠራ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ቦዩ የዱን ሸለቆ ይከተላል። ወንዙ ጥልቅና ዝግ ያለ በሆነበት ጀልባው ወንዙ ላይ ይሄዳል፤ ድንጋይ በበዛበት ወይም ውሃው በሚንደረደርበት ቦታ ደግሞ ከጎኑ የተለየ ቦይ ተቆፍሮለታል። ለዚህ ነው ዛሬ ብስክሌተኛው አንዴ ወንዙን በግራው፣ አንዴ ቦዩን በቀኙ፣ አንዳንዴም ሁለቱን በሁለት ጎኑ ይዞ የሚጓዘው።

በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ ፈረንሳዮቹ ኤክሉዝ የሚሉት ነገር ይመጣል። ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ኤክሉዝ ማለት ግንቡ ድንጋይ የሆነ፣ አንድ ረጅም ጀልባ የሚያስገባ፣ ፊትና ኋላው በከባድ በሮች የሚዘጋ የውሃ ክፍል ነው። ከታች የመጣ ጀልባ ይገባል፤ በስተኋላው ያለው በር ይዘጋል። ከዚያ ከላይኛው በር ሥር ያለች ትንሽ መክፈቻ በመዘውር ትነሣና ውሃ ከላይ ቀስ እያለ ይገባል፤ ጀልባውም ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ላይ ይነሣል። የሁለቱ ውሃ ከፍታ ሲስተካከል የላይኛው በር ይከፈትና ጀልባው ጉዞውን ይቀጥላል። የበሩን ሁለት ክንፎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ሲዘጉ ቀጥ ብለው እንደማይገጥሙ ያስተውላል፤ ሾጣጣ ሆነው ወደ ውሃው መምጫ አቅጣጫ ይገጥማሉ። የሚመጣው ውሃ በክብደቱ እየገፋ ያጣብቃቸዋል፤ ውሃው በበረታ መጠን በሩ ይጠብቃል። ውሃው በሁለቱም ወገን ሲስተካከል ደግሞ ያንን ሁሉ ክብደት አንድ ሰው በእጁ መዘውር ይከፍተዋል። ለዚህ ነዳጅም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። እኔ ከዚህ ሸለቆ ግንቦችና ምሽጎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ በር ነው።

ለብስክሌተኛው ደግሞ ኤክሉዝ ሌላ ትርጉም አለው። በአንዱ ኤክሉዝና በሚቀጥለው መካከል የቦዩ ውሃ የተኛ ስለሆነ የጎታቾቹም መንገድ የተኛ ነው። ቁልቁለቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ኤክሉዞቹ ጋ ብቻ፣ በየቦታው ሁለት ሦስት ሜትር ሆኖ ይቀመጣል። ከሞንቤልያር እስከ ዶል ያለው ጠቅላላ ዝቅታ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም በ150 ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ።

ይህ ለሰው ጡንቻ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ብስክሌተኛው፣ ብስክሌቱና ጓዙ አንድ ላይ 100 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህንን ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 98,000 ጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ስፖርተኛ ያልሆነ ጤነኛ ሰው ለረጅም ሰዓት ሊያወጣ የሚችለው ኃይል 100 ዋት አካባቢ ነው። እንግዲህ ያቺ አንዲት ዳገት ብቻዋን 16 ደቂቃ ሙሉ ጉልበቱን ትወስድበታለች፤ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ገና አልተቆጠሩም። በቀን አሥር እንዲህ ያለ ዳገት ያለበት አገር ቢሆን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚሄደው ራሱን ወደ ላይ በመሸከም ብቻ ነው። በቦዩ ዳር ይህ ወጪ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህም የሰባ ዓመት አዛውንትና የአሥር ዓመት ልጅ እዚህ በአንድ ቀን 40 ኪሎ ሜትር ሄደው ማታ ለራት የሚሆን አቅም ይተርፋቸዋል። ለፈረስ ታስቦ የተስተካከለው መሬት ለደካማ ጉልበት የተመቸ ሆነ።

አሁን ወደ ጭንቁ ታሪክ እንምጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጭነቱ ወደ ባቡርና ወደ ከባድ መኪና ሄደ፤ አሮጌው ቦይ ጠበበ ተባለ። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ሌላ ግዙፍ ቦይ ነበር፤ ሶንን ከራይን የሚያገናኝ፣ 229 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሺህ የሚቆጠር ቶን የሚጭኑ መርከቦች የሚተላለፉበት። በ1978 ፕሮጀክቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ነው ተብሎ በይፋ ታወጀ። ቢሠራ ኖሮ የዱ መጠማዘዝ በብዙ ቦታ ይቆረጥ ነበር፤ ዳርቻው በኮንክሪት ይገነባ ነበር፤ የጎታቾቹም መንገድ የትም አይገኝም ነበር። ሸለቆው ለሃያ ዓመት ያህል በዚህ ሥጋት ውስጥ ኖረ። ዓሣ አጥማጆች፣ ገበሬዎች፣ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ስብሰባ ጠሩ፤ ተሟገቱ።

በሰኔ 1997 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮኔል ዦስፓን ሥልጣን እንደያዙ ባደረጉት የፖሊሲ ንግግር ፕሮጀክቱ መሰረዙን ለምክር ቤቱ አስታወቁ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትራቸው ዶሚኒክ ቭዋኔ ነበሩ፤ ቀድሞ እዚሁ ወንዝ ዳር፣ በዶል ሆስፒታል፣ በማደንዘዣ ሐኪምነት የሠሩ ሴት። ዛሬ በቦዩ ዳር በጸጥታ ፔዳሉን የሚረግጥ መንገደኛ ይህንን ውሳኔ አያውቀው ይሆናል፤ የሚሄደው ግን በእርሱ ላይ ነው።

በዚያው በ1997 ከዱ ሸለቆ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር፣ ሌላ ነገር ተከፈተ። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ባቡር መሄድ ያቆመበት የሐዲድ መስመር ሐዲዱ ተነሥቶ፣ አስፋልት ለብሶ፣ 44 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆነ። ፈረንሳይ ውስጥ የመጀመሪያው አረንጓዴ መንገድ እርሱ ነው። ለብስክሌት የተመቸበት ምክንያት ከቦዩ ጋር አንድ ነው፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፣ ስለዚህ መሐንዲሱ ኮረብታውን ቆርጦ፣ ሸለቆውን ደልድሎ መሬቱን አስተካክሎት ሄዷል። ፈረንሳይ ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር ሞልቷት ነበር። በ1879 ሚኒስትር ሻርል ደ ፍሬሲኔ ያስወሰኑት ዕቅድ ባቡርን እስከ ትናንሽ የወረዳ ከተሞች ድረስ የማድረስ ዓላማ ነበረውና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፤ አውቶቡስና የግል መኪና ሲመጡ ከዚያ ውስጥ ብዙው ተሳፋሪ አጣ። በ1998 መንግሥት የመላ አገሪቱን የብስክሌት መስመሮች ዕቅድ አጸደቀ፤ በመስከረም 2004 ደግሞ አረንጓዴ መንገድ በትራፊክ ሕጉ ውስጥ ገብቶ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተለየ መንገድ ተብሎ ተደነገገ።

ሕጉ ግን ብቻውን መኪና አያስቆምም። መኪና የሚያስቆመው ምሰሶ ነው። መንገዱ አስፋልት በሚያቋርጥበት በየቦታው መሐል ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ የቦዩ ሠራተኞችና አምቡላንስ ሲያስፈልጋቸው በቁልፍ ይነቅሉታል። ቀደም ሲል ከምሰሶ ይልቅ ሁለት የብረት አጥሮችን ትይዩ አቁሞ ሰው ተጠማዝዞ እንዲያልፍ ማድረግ የተለመደ ነበር። ይህ ሞተር ሳይክል ያግዳል፤ ነገር ግን በሁለት ጎኑ ቦርሳ ያንጠለጠለ ብስክሌትም አያልፍበትም፤ ሕፃን የሚጎተትበት ተሳቢም፣ በእጅ የሚዘወር የአካል ጉዳተኛ ብስክሌትም እዚያው ይቀራል። መኪና ለማገድ ተብሎ የተሽከርካሪ ወንበርን ማገድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እነዚያ አጥሮች በየቦታው እየተነሡ ሰፋ ያለ ክፍተት ባለው ምሰሶ መተካታቸው ትክክል ነው።

የመሬቱ ባለቤትነትም ሊታወቅ ይገባል። የቦዩ ዳር የመንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው በ1991 የተቋቋመው የአገሪቱ የውሃ መጓጓዣ መሥሪያ ቤት ነው። የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀልባ ማሳለፍ እንጂ ብስክሌተኛ ማስተናገድ አይደለም። ስለዚህ አካባቢያዊ አስተዳደሮቹ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ውል ይዋዋላሉ፤ መንገዱን ያነጥፋሉ፣ ይጠግናሉ፣ ምልክት ይተክላሉ። አንድ ትንሽ ወረዳ ውሉን እንቢ ቢል መስመሩ እዚያው ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠ መስመር ደግሞ ቤተሰብን ከከባድ መኪና ጋር ወደ ዋናው አውራ ጎዳና የሚያወጣ ስለሆነ፣ አሥር ኪሎ ሜትር መጉደል የመቶውን ኪሎ ሜትር ዋጋ ያሳጣዋል።

ሸለቆው ራሱ ብዙ የሚነገርለት አለ። መነሻው ሞንቤልያር የፔጆ ቤተሰብ አገር ነው። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ያገለገለውን ፔጆ 404 የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ቤተሰቡ ግን መኪና ከመሥራቱ በፊት በወንዞቹ ኃይል እየተጠቀመ መጋዝ፣ ከ1840 ጀምሮ የቡና መፍጫ፣ ከ1882 ጀምሮ ደግሞ ብስክሌት ይሠራ ነበር፤ የብስክሌት ፋብሪካውም ከዱ ዳር፣ ቦሊዩ ላይ ነበር የቆመው። ከሞንቤልያር ወዲያ ሊል-ሱር-ለ-ዱ፣ ክሌርቫል፣ ቦም-ሌ-ዳም የተባሉ ትናንሽ ከተሞች እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ በመካከላቸው ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ቤዛንሶን ላይ ወንዙ አሮጌውን ከተማ ከሞላ ጎደል ይከበዋል፤ በቀረችው አንገት ላይ በሉዊ 14ኛ ዘመን መሐንዲሱ ቮባን የሠሩት ምሽግ ተቀምጧል፤ ከ2008 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጀልባዎች ከተማውን እንዳይዞሩ ከምሽጉ ሥር ዓለቱ ተፈልፍሎ ከ400 ሜትር ትንሽ የሚያንስ ዋሻ ተሠርቶላቸዋል፤ ከውሃው ጎን ባለችው መተላለፊያ ብስክሌተኛውም አብሮ ያልፋል። ዶል ሲደረስ፣ ቆዳ ፋቂዎች ይሠሩበት በነበረ የውሃ መስመር ዳር፣ ሉዊ ፓስተር በታኅሣሥ 1822 የተወለዱበት ቤት አለ፤ አባታቸው ቆዳ ፋቂ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር እየተባለ የሚጠራው አካባቢ ስሙን ያገኘው በእኚሁ ሰው ስም ከተሰየመው የሕክምና ምርምር ተቋም ነው።

ያ ነጭ የኖራ ድንጋይ ለመንገዱ ችግርም ያመጣል። ድንጋዩ ቀዳዳና ስንጥቅ የሞላበት ስለሆነ ውሃ አይዝም። በነሐሴ 1901 ፖንታርሊዬ ከተማ የሚገኝ የፔርኖ የአብሳንት መጠጥ ፋብሪካ በመብረቅ ሲቃጠል፣ እሳቱ እንዳይብስ ብዙ ሺህ ሊትር መጠጥ ወደ ዱ ተለቀቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ከሌላ ሸለቆ የሚፈልቀው የሉ ወንዝ ምንጭ አብሳንት አብሳንት ሸተተ። የዱ ውሃ ከፊሉ በመሬት ውስጥ ሾልኮ ወደ ሉ እንደሚሄድ የታወቀው በዚህ ነው፤ ሉ ደግሞ ከዶል በታች ተመልሶ ዱ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ብርቱ ዝናብ ሲወርድ ወይም በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ በፍጥነት ይሞላል፤ በአውሮፓ ክረምትና በጸደይ መጀመሪያ ዝቅተኛው የመንገዱ ክፍል ውሃ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ጎርፉ ሲሸሽ ደለልና ግንድ ይተዋል፤ የዛፍ ሥርም ከታች አስፋልቱን ያነሣዋል። በአንዳንድ ቦታ በአስፋልት ምትክ የተደመደመ ጠጠር ይነጠፋል፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ለዓይንም ያምራል፣ ሲዘንብ ግን ይጨቀያል፣ ለተሽከርካሪ ወንበርም አይመችም። የተፈጥሮ ወዳጆች ጠጠሩን ይመርጣሉ። እኔ አስፋልቱን እመርጣለሁ፤ መንገዱ ለጠንካሮች ብቻ እንዳይሆን።

አውሮፓ ለሚኖር አንባቢ፣ በተለይ በስዊዘርላንድና በደቡብ ጀርመን ላላችሁ፣ ይህ ሸለቆ ቅርብ ነው። ከባዝል በሚሉዝ በኩል በባቡር ሞንቤልያር መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ሸለቆውን ይዞ ስለሚሄድ የደከመው ቤተሰብ ቦም-ሌ-ዳም ወይም ቤዛንሶን ላይ ብስክሌቱን ጭኖ መመለስ ይችላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይሻላል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ከዶል ወደ ሞንቤልያር ሽቅብ መሄድ ከወንዙ ጋር ከመውረድ ሊቀል ይችላል፤ ዝቅታው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ለማደሪያ፣ ከመስመሩ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉና የብስክሌት ማቆሚያና መጠገኛ ያላቸው ቤቶች አክዩይ ቬሎ የሚል ምልክት በራቸው ላይ ስለሚለጥፉ እርሱን ፈልጉ። ጎሚስታ በየመንደሩ የለምና ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያዙ። ደወልም ያስፈልጋችኋል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንጋቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ፣ ቀድመው ከሰሟችሁ ያነሡላችኋል።